አንድ ማዳበሪያ ቁርጥራጭ እና አጣምሜ ያስተማርኩት ታሪክ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ቡና ከተፈላ ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ የኢንዱስትሪ አብዮትን እኔ ዘንድ የተማራችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ ዕዳ አለብኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ቅዳሜ ነው። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አንድ ሙሉ ማዳበሪያ ተሸክማ ቤት መጣች። እህል መስሎኝ ላግዛት ባነሳው ቀለለኝ። ሳሎን መሃል ዘረገፈችው። የከናቴራ ጨርቅ ቁርጥራጭ ነው፤ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ቀይ፣ አንዳንዱ መዳፍ የሚያህል፣ አንዳንዱ ክንድ የሚሞላ። እጅጌና ደረት ተቆርጦ ከወጣለት በኋላ የሚተርፈው።

ይቺ ልጅ ትምህርት እንደጨረሰች በአንድ የልብስ ፋብሪካ መቁረጫ ክፍል ውስጥ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ አገራችን ከአጎዋ ስትወጣ ወደ አሜሪካ የሚሄደው ልብስ ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ቀረ። ትዕዛዝ ሲቀንስ ሰውም ተቀነሰ፤ እሷም አንዷ ሆነች። አሁን ድሮ ስትቆርጥ እግሯ ሥር ይወድቅ የነበረውን ዓይነት ትራፊ ከነጋዴ በኪሎ እየገዛች ትሰፋለች። የምትሰፋውን ነገር ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ሞተረኞች አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት፣ ሁለት አፍ ያለው፣ የሚለጠጥ ጨርቅ። ወደ ላይ ሲስቡት አፍና አፍንጫን ከአቧራ ይሸፍናል። አጥፈው ግንባር ላይ ሲያደርጉት ፀጉር ይይዛል። መሃሉን ጠምዝዘው በራሱ ላይ ሲገለብጡት ኮፍያ ይሆናል። ሴቶች ደግሞ ሹሩባቸው እንዳይበላሽ አድርገውት ይተኛሉ። ልጅቱ «ቱቦ» ነው የምትለው፤ እኔም ዛሬ እንደዚያው እላለሁ።

የመጣችው የእናቴን ሲንጀር ለቅዳሜና እሁድ ለማስፈቀድ ነው። እናቴ በዚያች በእግር በምትረገጥ መኪና የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም እየሰፋች ነው ያሳደገችን። ቁርጥራጩን አንስታ በሁለት ጣቷ ሳብ ሳብ አደረገችና «ይሄማ ሹራብ ነው ልጄ። በዚች መኪና አይሆንልሽም፣ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል» አለቻት። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። ለካ ያስጨነቃት ይኸው ኖሯል። በሰው መኪና ሰፍታ ለባጃጅ ሹፌሮች ከሸጠቻቸው ቱቦዎች ሦስቱ ስፌታቸው ተተርትሮ ተመለሱባት። አንደኛው ሹፌር ሰው በተሰበሰበበት «ድሮስ ከቁርጥራጭ ምን ሊገኝ!» ብሎ ወረወረላት።

«ቲቸር፣ ሁሉም ነገር ታሪክ አለው ትለን ነበር» አለችኝ። «ቁርጥራጭ መስፋትም ታሪክ አለው? ወይስ ዝም ብሎ የድሃ ሥራ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። «እስቲ ልይልሽ» ብዬ ሸኘኋት። በሚቀጥሉት ማታዎች ያለችኝን መጽሐፍም ኢንተርኔቱንም ሳገላብጥ ታሪኩን አገኘሁት። ስገኘው ግን ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም ይሄን ታሪክ ዓመት በዓመት ሳስተምረው ነበር። ያውም አጣምሜ።

መጀመሪያ ጨርቁን እንለየው። ሸማኔ ሲሠራ ድርና ማግ አለ። ድሩ በቁመት ይወጠራል፣ ማጉ በመወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሁለቱም ቀጥ ብለው ስለሚሻገሩ ጨርቁ አይለጠጥም። ሻሽ መታሰር ያለበት ለዚህ ነው፤ በራሱ ጭንቅላት ላይ አይቆምም። ሹራብ ግን ድርም ማግም የለው። ክሩ ቀለበት ይሠራል፣ በቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት ይጎተታል፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ። ስትስቡት ቀለበቱ ቅርጹን ቀይሮ ይሰፋል፣ ስትለቁት ይሰበሰባል። ስለዚህ ያለ ቁልፍ፣ ያለ ቋጠሮ፣ ያለ ልክ ራስ ላይ ይቀመጣል። ጣጣውም ከዚያው ነው የሚመጣው። አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች የጎረቤቷን እጅ ይዛ ትወርዳለች። ስቶኪንግ ላይ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርደውን መስመር ያየ ሰው ያውቀዋል። ሹራብ በመቀስ የመቁረጥ ፍርሃት ከዚህ የተነሣ ነው።

(በነገራችን ላይ «ከናቴራ» የጣልያን ቃል ነው። ካኖቲዬራ ይሉታል፤ ቀዛፊ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። እኛ ጀልባውን ትተን ልብሱን ወሰድን።)

አሁን እንግሊዝ አገር እንሂድ። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በ1571፣ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ ፓርላማው አንድ አስቂኝ የሚመስል ሕግ አወጣ። ከ6 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፣ ከመኳንንትና ከእንደነሱ ያሉ በስተቀር፣ እሁድና በዓል በመጣ ቁጥር እዚያው እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ የሱፍ ሹራብ ቆብ እንዲያደርግ ታዘዘ። ያላደረገ በቀን 3 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ይቀጣል። አስቡት፣ እሁድ ጠዋት ደንብ አስከባሪ አናታችሁን እያየ ሲቀጣችሁ! ሕጉ የወጣው ለፋሽን አይደለም። ቆብ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ገበያ እየራቃቸው ስለነበር እንጀራቸውን ለመጠበቅ ነው። በ1597 ተሻረ፤ ሰው በሕግ ቆብ አላደርግም አለ መሰለኝ።

ከሕጉ 18 ዓመት በኋላ፣ በ1589፣ ኖቲንግሃም አጠገብ ካልቨርተን በምትባል መንደር ዊልያም ሊ የሚባል ቄስ እንደነበር የሚነገርለት ሰው የሹራብ መሥሪያ መኪና ፈለሰፈ። እጅ አንድ በአንድ የሚሠራውን ቀለበት መኪናው አንድ ሙሉ መስመር በአንድ ጊዜ ይሠራዋል። ንግሥቲቱ ፈቃድ አልሰጥም ያለችው በእጃቸው ሹራብ እየሠሩ የሚኖሩ ድሆች እንጀራቸውን ያጣሉ ብላ ነው ይባላል። ሊ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ፣ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ ተቀበለው፤ ንጉሡ በ1610 ሲገደል ግን ሰውየውም ጠባቂ አጥቶ እዚያው ሞተ። መኪናዎቹን ወንድሙ ወደ እንግሊዝ መለሳቸው። ከዚያ በኋላ ኖቲንግሃምና አካባቢዋ የካልሲ አገር ሆኑ።

እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ያኔ ወንዱ ሁሉ እስከ ጉልበት የሚደርስ ረጅም ካልሲ ያደርግ ነበር። ጥሩ ካልሲ በመኪናው ላይ ቅርጹን ይዞ ነው የሚሠራው። ባት ላይ ቀለበት ይጨመራል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀነሳል። መቀስ አይነካውም። ዳርና ዳሩ የታሰረ ጠርዝ ስላለው ሲሰፋም አይተረተርም። ይሄን ለመሥራት ዓመታት መማር ይጠይቃል። ሠራተኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ ሚስቱ ትሰፋለች፣ ልጁ ክር ያጠነጥናል። መኪናው ግን ብዙውን ጊዜ የእሱ አይደለም፤ ከነጋዴው ይከራየዋል። ሥራ ባይኖር እንኳ የመኪናው ኪራይ አይቀርም።

ኋላ ላይ ረጅም ካልሲ ከፋሽን ሲወጣና ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው ጦርነት ንግዱ ሲቀዘቅዝ አንዳንድ ነጋዴዎች ዘዴ አመጡ። በሰፊ መኪና ላይ ዝም ብሎ ዝርግ ጨርቅ ይሠራል፤ ከዚያ በመቀስ በካልሲ ቅርጽ ይቆረጥና ይሰፋል። ልምድ አይጠይቅም፣ ጊዜ አይፈጅም፣ ርካሽ ነው። ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ሲታይ ከጥሩው አይለይም። ከታጠበ በኋላ ነው ጉዱ። ጠርዝ የሌለው ሹራብ በተራ ስፌት ተይዞ ስንት ቀን ይቆያል? ይተረተራል። ሸማቹ ደግሞ «የኖቲንግሃም ካልሲ እንዲህ ነው» ብሎ ሁሉንም በአንድ ላይ ይራገማል። ጥሩውን የሚሠራው ሰው ዋጋም ስሙም ወደቀ።

መጋቢት 1811 ላይ ሰዎቹ ኖቲንግሃም ላይ ሰልፍ ወጡ፤ በዚያው ሌሊት አርኖልድ በምትባል መንደር መኪናዎች ተሰበሩ። ሌሊት ሌሊት ፊታቸውን ሸፍነው ትልቅ መዶሻ ይዘው ይመጣሉ። መሪያችን ጄኔራል ሉድ ነው ይላሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን አልነበረም፤ ስም ብቻ ነው። እናንተም ከእኔ የተማራችሁት ይሄንኑ ነው፤ ሉዳይቶች። ሰሌዳው ላይ እንዴት እንደጻፍኩት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፦ «ሉዳይቶች = ማሽን የሚጠሉ፣ ለውጥ የማይገባቸው ሠራተኞች»። ክፍሉ ሁሉ ሲስቅ እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ሰዎቹ ግን ማሽን አልጠሉም። ማሽን ላይ ተወልደው ማሽን ላይ ነው ያረጁት። የሊ መኪና ከተፈለሰፈ ያኔ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል! አንድ ቤት ገብተው የዚህን ነጋዴ መኪና ሲሰብሩ አጠገቡ ያለውን የሌላውን መኪና ሳይነኩ የሚወጡበት ጊዜ ነበር። የሚሰብሩት ከተስማሙበት ዋጋ በታች የሚከፍለውንና ተቆርጦ የሚሰፋ ካልሲ የሚያሠራውን ሰው መኪና ነው። ጥላቻቸው ከመኪናው ጋር ሳይሆን ከመቀሱ ጋር ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። (ይሄ የኖቲንግሃሞቹ ነው። በኋላ ዮርክሻየርና ላንክሻየር የተነሡት ሌላ ሥራ፣ ሌላ ጉዳይ ነበራቸው።)

በሕጋዊ መንገድም ሞክረዋል። ግራቭነር ሄንሰን የሚባል የራሳቸው ሰው ሠራተኛውን አስተባብሮ በ1812 ይሄን የማጭበርበር ሥራ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ፓርላማ አስገቡ። የታችኛው ምክር ቤት አሳለፈው፣ የመኳንንቱ ምክር ቤት ጣለው። በዚያው ዓመት መኪና የሰበረ በሞት ይቀጣል የሚል ሕግ ግን ወጣ። ወደ 12,000 የሚጠጋ ወታደር ወደ እነዚያ አውራጃዎች ዘመተ።

ያንን የሞት ሕግ በመኳንንቱ ምክር ቤት ተነሥቶ የተቃወመው ማን መሰላችሁ? ገጣሚው ጌታ ባይረን። ቀኑ የካቲት 27 ቀን 1812 ነው፣ በምክር ቤቱ ያደረገው የመጀመሪያ ንግግሩም ነው። ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ርስት ስለነበረው ጉዳዩን ቀረብ ብሎ አይቶታል። በንግግሩ ውስጥ ያ ርካሽ ጨርቅ በሠራተኞቹ ዘንድ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠቅሷል፦ «የሸረሪት ሥራ»። ይሄን ሳነብ የኛው «ድር ቢያብር» ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። የእነሱ ሸረሪት ግን አንበሳ የምታስር አይደለችም፤ አንድ እጥበት የማትችል ናት።

እንግዲህ የልጅቱ ጥያቄ ታሪክ አለው ማለት ነው። ሹራብ ቆርጦ መስፋት ሰው የተሰቀለበት ጠብ ውስጥ የነበረ ነገር ነው። ያ ባጃጅ ሹፌር ሳያውቀው የሉዳይቶችን ክርክር ነው የተናገረው፦ ስፌቱ ይተረተራል!

ታዲያ ዛሬ ሁላችንም የለበስነው ከናቴራ ተቆርጦ የተሰፋ አይደለም እንዴ? ነው። በመሃል ሁለት ነገር ተፈጠረ። አንደኛው፣ በ1816 ማርክ ብሩኔል የሚባል መሐንዲስ እየዞረ የሚሠራ የሹራብ መኪና አወጣ። ዝርግ ጨርቅ ሳይሆን ቱቦ ነው የሚያወጣው። አንዳንድ ከናቴራ ጎኑ ላይ ስፌት የሌለው ለዚህ ነው፤ ከተፈጥሮው ቱቦ ነው። ሁለተኛውና ለኛ የሚበልጠው፣ በ1889 አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ የሜሮው ቤተሰብ ፋብሪካ ያስመዘገበው ኦቨርሎክ ነው። ልብስ ሰፊዎቻችንም «ኦቨርሎክ» ነው የሚሉት። እየሰፋ ዳሩን በቢላ ይከረክማል፣ ክሩን በጠርዙ ዙሪያ ይጠመጥማል። መቀስ ያጠፋውን ጠርዝ ክር መልሶ ይሠራዋል፣ ጨርቁ ሲለጠጥም ስፌቱ አብሮ ይለጠጣል። ሉዳይቶቹ ካልሲው ይተረተራል ያሉት እውነት ነበር፤ ለእሱ ብልሃት የተገኘው ከ80 ዓመት በኋላ ነው። ስለ ደመወዙ ያሉት ግን ኦቨርሎክ የሚፈታው ጉዳይ አይደለም። ይቺን ልጅ ጠይቋት።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። በ1958 ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ጆሴፍ ሺቨርስ የሚባል ኬሚስት እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ክር ሠራ፤ ላይክራ የምንለው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ስፔን ውስጥ፣ ባርሴሎና አቅራቢያ ኢጉዋላዳ በምትባል የሹራብ ከተማ፣ ዡዋን ሮሃስ የሚባል ሞተር መንዳት የሚወድ የጨርቃ ጨርቅ ሰው አንገቱን ከንፋስ ለመከላከል ስፌት የሌለው ቱቦ ሠርቶ «በፍ» ብሎ ለገበያ አወጣው። ዛሬ ዓለም ላይ ተራራ የሚወጣው፣ ብስክሌት የሚነዳው ሁሉ የሚያደርገው ያ ነው። የኛዎቹ ሞተረኞች አንገት ላይ ያለውም የእሱ የልጅ ልጅ ነው።

እሁድ ልጅቱ ተመልሳ መጣች። ታሪኩን በሙሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰምታኝ «እሺ ቲቸር፣ ኦቨርሎክ መግዣ ግን የለኝም» አለች። ልክ ናት። ስለዚህ ሦስታችን፣ እናቴ፣ እሷና እኔ፣ ሲንጀሯን ከበን ተቀመጥን። ለምትሞክሩት እንዲጠቅማችሁ ያየነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የመለጠጫውን አቅጣጫ መለየት ነው። ቁርጥራጩን በቁመትም በአግድምም ሳቡት፤ ይበልጥ የሚሰጠው አቅጣጫ ራስን የሚዞረው መሆን አለበት። ይሄ ከተሳሳተ ቱቦው አናት ላይ አይገባም። ከዚያ ልክ። የእናቴ ራስ ዙሪያው 55 ሳንቲሜትር ነው፤ ጨርቁ ስለሚለጠጥ ቱቦው ከዚያ ማነስ አለበት። አንድ ሰፊ ቁራጭ ስላላገኘን ሁለት ባለ 26 ሳንቲሜትር ገጠምን። በየዳሩ 1 ሳንቲሜትር ለስፌት ሲሄድ 48 ይቀራል። ቁመቱን 45 አደረግነው። የላይና የታች አፉን አለመቀምቀም ይቻላል፤ ይጠቀለላል እንጂ እንደ ሸማ ጨርቅ ክሩ አይበተንም።

የመጀመሪያውን ልጅቱ እንደለመደችው ሰፋችው። ስንስበው ስፌቱ ጠ ጠ ጠ ብሎ ተበጠሰ። እናቴ «አላልኩም?» በሚል ዓይን አየችን። ሁለተኛው ስፌቱ ያዘ፣ ግን በስፌቱ ዳር ዳር ትናንሽ ቀዳዳ ተደረደረ። ጥፋቱ የመርፌው ነው። ሹል መርፌ ክሩን ሰንጥቆ ይገባል፣ ቀለበቱም ከዚያ ይተረተራል። ለሹራብ የሚሆነው ጫፉ ደነዝ ያለ መርፌ ነው፤ ክሮቹን ገፋ አድርጎ በመሃል ያልፋል። ሄጄ ከመርፌና ክር ሻጭ ፈልጌ ሁለት ገዝቼ መጣሁ። ክሩንም ከጥጥ ወደ ፖሊስተር ቀየርነው።

ሦስተኛው ላይ እናቴ ልጅቱን አስነሥታ ራሷ ተቀመጠች። መኪናዋ ዚግዛግ አትሰፋም፣ ቀጥታ ብቻ ናት። እናቴ የክሩን ውጥረት ትንሽ አላላችው፣ ስፌቱን አሳጠረችው፣ ከዚያ ጨርቁን ከፊትም ከኋላም በሁለት እጇ ወጠር አድርጋ ይዛ ሰፋችው። ስትለቀው ስፌቱ ትንሽ ተኮማተረ። ትርፉ ክር እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጨርቁ ሲለጠጥ እሱም አብሮ ይሄዳል። ጎኑ ላይ ሁለተኛ መስመር ደገመችበት። ከዚያ አውጥታ አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጥታ «ሳብ» አለችኝ። ሳብኩ። «ጎልማሳ አይደለህም? ሳብ እንጂ!» ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ። አልተበጠሰም።

ልጅቱ ስምንት ሰፍታ ማታ ወጣች። የተመለሱባትን ሦስቱን በነፃ ልትተካ ወሰነች፤ ለዚያ ለወረወረላት ሹፌር ጭምር። እኔ ለእሱስ አይገባውም ብያት ነበር፤ «ቲቸር፣ ስሜ ነው» አለችኝ። ቅዳሜና እሁድ ሲንጀሯ የእሷ ናት። ኪራይ የለውም፤ እናቴ ግን ሐምራዊ ጨርቅ ከተገኘ አንድ ለራሷ እንደምትፈልግ አስታውቃለች። የሞከርነውን ግራጫውን አናቷ ላይ አድርጋ ረስታው ቡና እያፈላች ነበር።

አሁን ወደ ዕዳዬ። የድሮ የፈተና ወረቀቶቼን አገላብጬ አገኘሁት። እውነት ወይም ሐሰት፣ ተራ ቁጥር 7፦ «ሉዳይቶች ማሽን ስለሚጠሉ መኪናዎችን ሰበሩ።» መልሱን «እውነት» ብዬ ነው ያረምኩት። «ሐሰት» ብላችሁ ኤክስ ያደረግኩባችሁ ልጆች አላችሁ፤ ገምታችሁም ይሁን አውቃችሁ፣ አንድ አንድ ማርክ አለብኝ። ማክሰኞ ለዘንድሮዎቹ ሰሌዳው ላይ አስተካክዬ እጽፈዋለሁ። ከማዳበሪያው ውስጥ አንድ ቁርጥራጭና መቀስ ይዤ ነው የምገባው።